የንግድ፣ የጉምሩክና የማዕቀብ ሕግ ባለሙያ መሆን፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከአረርቲና ከሸዋ ሮቢት የሕግ ተማሪዎችና ጀማሪ ጠበቆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ይህ ሙያ አንድ ነው ወይስ ሦስት?

ሕጎቹ ሦስት ናቸው፤ ሥራው ግን አንድን ዕቃ ከሻጩ መጋዘን እስከ ገዢው በር መከተል ነው። የንግድ ሕጉ ውሉንና ክፍያውን፣ ከፍ ሲልም አገሮች እርስ በርስ የገቡትን ስምምነት ይይዛል። ጉምሩክ ዕቃው ምንድን ነው፣ ስንት ያወጣል፣ የየት አገር ነው ብሎ ይጠይቃል። ማዕቀብ ደግሞ የምትነግደው ከማን ጋር ነው ይላል።

ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ ከቱርክ ማሽን አዘዘ እንበል። ውሉ ላይ ኤፍኦቢ ወይም ሲአይኤፍ ተብሎ የገባው አጭር ቃል የመርከቡንና የኢንሹራንሱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይወስናል። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ የሚሞላው የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም የዕቃው የምድብ ቁጥር፣ ቀረጡን ይወስናል። ባንኩ ደግሞ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት የሻጩን፣ የሻጩን ባንክና የመርከቡን ስም ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር ያመሳክራል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ ደንበኛው ሌላኛው በር ላይ ሲቆም ዝም ብሎ ከማየት ሌላ የሚያደርገው የለም።

ማዕቀብ እኛን ምን አገባው? የትልልቅ አገሮች ጉዳይ አይደለም እንዴ?

ከማንም በላይ ያገባናል። በኅዳር 1935 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይነካ አልፎ በሐምሌ 1936 ተነሣ፤ ምን እንደተከተለ አያቶቻችን ያውቃሉ። በዘመናችንም በጎረቤቶቻችን ላይ ማዕቀብ ሲጣልና ሲነሣ ኖሯል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2009 (እ.ኤ.አ.) በኤርትራ ላይ የጣለውን በ2018 አንሥቷል፤ አሜሪካ በሱዳን ላይ የነበራትን ሰፊ የንግድ ማዕቀብ በ2017 ሰርዛለች። ጅቡቲ ወደብ ላይ የምንጠቀም፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ ጋር የምንነግድ፣ በዶላር የምንከፍል ሰዎች ነን፤ ነገሩ ሳንጠራው ይመጣል።

ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ መጀመር ይቻላል? ወይስ አዲስ አበባ ካልተገባ አይሆንም?

ይቻላል፤ እንዲያውም ለጀማሪ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የብቅል ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካዎችና የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት። አረርቲም የራሷ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። እያንዳንዳቸው ማሽን፣ መለዋወጫ፣ ኬሚካል ወይም ጥሬ ዕቃ ከውጭ ያስገባሉ። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚያልፍበት «የግዢና ሎጂስቲክስ» የሚባል ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕግ የተማረ ሰው የለውም። እዚያ የአንድ ዓመት ሥራ ብታገኙ የማስተርስ ተማሪ የማያየውን ታያላችሁ።

ለነገሩ አካባቢው ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ የቀይ ባሕር ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙትም በ1841 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የተፈረመውም ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው አንጎለላ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የዓለም ንግድ ድርጅት መቀመጫ ስለሆነችው ጄኔቫ ሲያስተምሩ አንጎለላን መዝለላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ምን መማር አለብኝ?

መሠረቱ የአምስት ዓመቱ የሕግ ዲግሪና የመውጫ ፈተናው ነው። ከዚያ በላይ ማስተርስ ይጠቅማል፤ ግን ቀድሞ ሥራውን ያየ ሰው ሲማረው ነው የሚጠቅመው። ለአፍሪካውያን የንግድ ፖሊሲ የሚያስተምር ማዕከል አሩሻ፣ ታንዛኒያ አለ፤ በርን ያለው የዓለም ንግድ ተቋምም ስመ ጥር ነው። ለማዕቀብና ለገንዘብ ዝውውር ቁጥጥር የሚሰጡ የሙያ ሰርተፍኬቶች ባንክ ለመግባት ላሰበ ሰው ዋጋ አላቸው።

ዛሬውኑ፣ ያለ ክፍያ፣ እዚሁ መጀመር የሚቻለው ግን ሌላ ነው። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006ን እና ማሻሻያውን 1160/2011ን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፤ በአማርኛው አንብቡት። በነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ተምሮ የመጣ ጠበቃ እዚህ ላይ ሲደናቀፍ አይቻለሁ። ቀጥሎ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቅጾችን አውጡና የጉምሩክ መዝገቦችን ብቻ ለይታችሁ አንብቡ። የችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። በመጨረሻም ሒሳብ! ሕግ የገባሁት ከሒሳብ ሽሽት ነው የምትሉ ካላችሁ ይህን ዘርፍ ባትመርጡት ይሻላል።

ጠበቃ ልሁን ወይስ ትራንዚተር?

የጉምሩክ አስተላላፊ፣ በተለምዶ ትራንዚተር የምንለው፣ ዕቃ ለማውጣት ከጉምሩክ ልዩ ፈቃድ ያገኘ ባለሙያ ነው። ዲክላራሲዮን ያዘጋጃል፣ ሰነድ ያስገባል፣ ፍተሻ ላይ ይቆማል። ጠበቃ የሚፈለገው ነገሩ ሲበላሽ፣ ወይም እንዳይበላሽ አስቀድሞ ነው።

ምክሬ ከትራንዚተር ጋር ተጠጉ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አንድ ሳምንት አብራችሁት ብትውሉ ኢንቮይስ (የሻጩ የዋጋ ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የጥቅል ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) እና የሥሪት አገር ሰርተፍኬት እርስ በርስ ሲጣሉ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፓኪንግ ሊስቱ 480 ካርቶን ይላል፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ 460፤ ዕቃው ተቆጥሮ እስኪጣራ ኮንቴይነሩ አይንቀሳቀስም፣ የወደቡ ኪራይ ግን ይቆጥራል። ለዚህ መፍትሔው ክስ አይደለም፤ ሻጩ ዛሬ ማታ የሚልከው የማስተካከያ ደብዳቤ ነው። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ሁለት ወር ያድናል።

የክልል የጥብቅና ፈቃድ ይበቃኛል?

ለውል ምክርና ለድርጅት የውስጥ ሥራ ፈቃዱ ብዙም አያከራክርም። ጉምሩክ ግን የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። ይኸው አዋጅ ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ ይህ ዘርፍ ደግሞ ብቻ የሚሠራ አይደለም።

አንድ የአካባቢያችን ወጥመድ አለ። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፤ አንዱ አማራ ክልል ውስጥ፣ ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ። የአማራ ክልል ፈቃድ ይዞ ፊቼ ችሎት ፊት የሚቆም ጠበቃ ይመለሳል። ደንበኛው መኪናው የተያዘበትን ኬላ ሲነግራችሁ መጀመሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቁ።

ቀረጥና ታክስ እንዴት ነው የሚሰላው? ጠበቃ ይህን ማወቅ አለበት?

አለበት፤ ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው የምከፍለው?» ብሎ ነውና። ስሌቱ የሚነሣው ከዕቃው ዋጋ፣ ከመጓጓዣውና ከኢንሹራንሱ ድምር ነው። ድምሩ 1,000,000 ብር፣ የጉምሩክ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆንና ዕቃው ኤክሳይዝ ታክስ የሌለበት ቢሆን፣ ቀረጡ 200,000 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚታሰበው በ1,200,000 ላይ ነው፤ 180,000። ሱር ታክሱ 10 በመቶ የሚታሰበው ደግሞ በ1,380,000 ላይ ነው፤ 138,000። ድምሩ 518,000 ብር መጣ። በዚህ ላይ የቅድሚያ ገቢ ግብርና የሶሻል ዌልፌር ሌቪ አለ።

አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንደሚሄድ ልብ በሉ። ቀረጡ ላይ የተሳሳተች 5 በመቶ እታች ስትደርስ 5 በመቶ አትሆንም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ አስመጪ የደነገጠውም በዚህ ነው። በዶላር ዋጋው ያልተነካ ዕቃ በብር ሲተመን ቀረጡን ይዞት ወጣ። ያን ሰሞን የጠበቃ ጥያቄ «የየትኛው ቀን ምንዛሪ ነው የሚያዘው?» የሚል ነበር። ለዚህ መልሱ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የምዝገባ ቀን ስለሚሆን ቀኗን የማያይ ጠበቃ ክርክሩን አልጀመረም።

የታሪፍ ቁጥር ክርክር ለምን ያን ያህል ከባድ ይባላል?

የዘርፉ ልብ እርሱ ስለሆነ። ዓለም በሙሉ ማለት ይቻላል ዕቃን የሚመድበው በአንድ ሥርዓት ነው፤ ኤችኤስ ይባላል፣ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል፣ የሚያስተዳድረው ብራስልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። 21 ክፍሎችና 97 ምዕራፎች አሉት፤ 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊቱ ተብሎ ባዶ ተትቷል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች የትም አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ይጨምራል። በየጥቂት ዓመቱ ይከለሳል፤ አሁን ያለው የ2022 እትም ሲሆን ቀጣዩ በ2028 (እ.ኤ.አ.) ይጀምራል።

ብርድ ልብስን እንውሰድ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋልና። ብርድ ልብስ አንቀጽ 63.01 ነው። ግን በኤሌክትሪክ የሚሞቀው 6301.10፣ የሱፉ 6301.20፣ የጥጡ 6301.30፣ ከሰው ሠራሽ ጭረት (ፋይበር) የተሠራው 6301.40 ነው። ታዲያ 55 በመቶው ሰው ሠራሽ፣ 45 በመቶው ሱፍ የሆነውስ? ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ «የሱፍ ብርድ ልብስ» ብሎ ጽፏል፤ በዚያ ስም የተሻለ ስለሚሸጥለት። ሕጉ የንግድ ስሙን አይሰማም፤ የጨርቃ ጨርቁ ክፍል ማስታወሻ በክብደት የሚበልጠውን ጭረት ነው የሚያየው። ስለዚህ ክርክሩ የሚያልቀው ችሎት ላይ በአንደበተ ርቱዕነት አይደለም፤ በላቦራቶሪ ውጤት ነው። ያው ብርድ ልብስ ያገለገለ ሆኖ፣ ማርጀቱ እየታየ፣ በቦንዳ ታስሮ ቢመጣ ደግሞ ወደ 63.09 ይሄዳል፤ ከልባሽ ጨርቅ ጋር ማለት ነው፤ እዚያ የሚጠብቃችሁ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ንኩት። ፋብሪካ ሂዱ፣ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ፣ ናሙና አስቆርጡ። ስድስቱን የአተረጓጎም ደንቦች በቃሉ የያዘ ግን ብቅልን ከገብስ የማይለይ ጠበቃ (ገብስ 10.03፣ ብቅል 11.07 ነው) ከመንዝ ገበሬ ያነሰ የታሪፍ ዕውቀት ነው ያለው።

ጉምሩክ ኢንቮይሴን አልቀበልም ብሎ ዋጋ ቢያሳድግስ?

በጣም የተለመደ ነው። መርሁ ገዢው በትክክል የከፈለው ዋጋ ይያዛል የሚል ነው። ጉምሩክ ይህን ዋጋ ለመጠራጠር ምክንያት ካለው ወደ ቀጣዮቹ ዘዴዎች በቅደም ተከተል ይወርዳል፦ የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ፣ የተቀራራቢ ዕቃ ዋጋ፣ እያለ እስከ ስድስተኛው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ይህ ቅደም ተከተል ነው። መረጃ ቋት ላይ ያለ አንድ ከፍ ያለ ዋጋ ተነሥቶ ደንበኛው ላይ ይጫናል። የጠበቃው ጥያቄ «የትኛውን ዘዴ ተጠቀማችሁ? ከፊቱ ያለውን ለምን ተዋችሁት?» ነው፤ በጽሑፍ።

ቅሬታው የሚጀምረው እዚያው ጉምሩክ ውስጥ ባለው የቅሬታ አጣሪ ነው። ከዚያ የፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመጣል። ቀኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ይግባኝ ለማለትም ከተወሰነው ታክስ የተወሰነውን ማስያዝ አለ። ደንበኛው ውሳኔውን ኪሱ ከትቶ ሁለት ወር ቆይቶ «ጠበቃ ፈልጌ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ አልቆለታል። ክርክሩን ከማሰባችሁ በፊት ውሳኔው የደረሰበትን ቀን እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ኢንቮይሱ በእርግጥ የወረደ ከሆነ፣ ቀሪው ገንዘብ በሐዋላ ሄዶ ከሆነ፣ ያ የዋጋ ክርክር አይደለም። ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚመጣ ኦዲት አለ፤ ወረቀቱ ሲገለጥ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይዞራል። ደንበኛውን መጀመሪያ ለብቻው አስቀምጣችሁ ጠይቁት።

ጉምሩክ ውስጥ ሰው ሳላውቅ እሠራለሁ?

ትሠራላችሁ። ሰው ማወቅና ሥራ ማወቅ የተምታታበት ደንበኛ ግን ይበዛል፤ «እገሌ በስልክ ይጨርሰዋል» ይላል። በስልክ የተጨረሰ ነገር ወረቀት የለውም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳዩት ይጠፋል። እኔ የማውቃቸው የተከበሩ የዘርፉ ጠበቆች ቢሮ የሚገቡት የተፃፈ ነገር ይዘው ነው፣ ሲወጡም ገቢ ያስደረጉበትን ቁጥር ይዘው ነው።

መንገድ ተዘግቶ ዕቃው ቢዘገይ ደንበኛዬ ካሣ ይከፍላል?

በዚህ በኩል ከሌላው አገር ጠበቃ ይልቅ የእኛ ሰው ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው ባለዕዳው በመደበኛ ሁኔታ ሊያስበው የማይችለውንና ውሉን ከመፈጸም ፍጹም የሚያግደውን ነገር ነው። ችግሩ «ሊያስበው የማይችለው» የሚለው ነው። መንገዱ ቀድሞም የሚዘጋ እንደነበር ሁሉም እያወቀ የተፈረመ ውል ላይ ይህን መከራከሪያ ማንሣት ይከብዳል። በሌላ መንገድ፣ በውድም ቢሆን፣ ማጓጓዝ ይቻል ነበር ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል፤ ወጪ መጨመሩ ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ «መንገድ መዘጋት» የሚለውን በስሙ አስገቡ፤ የትኛው መንገድ፣ ከስንት ቀን በላይ፣ ማን ለማን በምን ያህል ጊዜ ያሳውቃል፣ ተጨማሪ ኪራዩን ማን ይችላል። የውጭ ሻጭ ጣርማበርን አያውቅም፤ ካልጻፋችሁለት አይገባውም።

ገቢው እንዴት ነው?

መንግሥት ቤት በስኬል ነው፤ የጉምሩክ ዐቃቤ ሕግነትም ዛሬ ያለው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ባንክና ፋብሪካ ይሻላሉ። በግል ጥብቅና በየወሩ ቋሚ ክፍያ የሚከፍሉ ሁለት ሦስት አስመጪዎች ካላችሁ ቤት ይቆማል። የውጭ ድርጅቶች በሰዓት ይከፍላሉ፤ እነርሱ ግን የሚመጡት በአዲስ አበባ ቢሮዎች በኩል ነው።

ውጭ አገር ሄጄ በዚሁ መሥራት እችላለሁ?

ዕውቀቱ ይሻገራል፣ ፈቃዱ አይሻገርም። ኤችኤስ ላይ የተገራ ሰው የትም ሥራ ያገኛል፤ በጥብቅና ለመቆም ግን እንደገና መፈተን አለ። ኒው ዮርክ በእኛ ዓይነት ሥርዓት የተማረ ሰው ማስተርስ ጨምሮ ለባር ፈተና እንዲቀመጥ ታደርጋለች። የአሜሪካ የጉምሩክ ብሮከር ፈቃድ ደግሞ ለዜጎች ብቻ ነው። ከዚሁ ከአህጉራችን ሳይወጡ አክራ ያለው የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጣና ሴክሬታሪያት፣ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት፣ ወይም ከ1995 ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነትን ሲደራደር የቆየው የራሳችን ንግድ ሚኒስቴር አሉ። ተደራዳሪ ሆኖ የቆየ ሰው ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ያውቀዋል፤ ይህ በኋላ ጥብቅና ላይ ይከፍላል።

የአጎዋ መታገድ ማዕቀብ ነበር?

አልነበረም። አጎዋ አሜሪካ በራሷ ፈቃድ የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነው፤ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አስወጣች፤ ዕቃችን አሜሪካ መግባቱ አልተከለከለም፣ ቀረጥ መክፈል ጀመረ እንጂ። ማዕቀብ የሚባለው በመስከረም 2021 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ቁጥር 14046 ነው፤ ሰዎችንና ድርጅቶችን በስም ለመዘርዘር ሥልጣን ሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር በትእዛዙ የተዘረዘሩት የኤርትራ ወገኖች ነበሩ። ይህን ለይቶ ለደንበኛ ማስረዳት የሙያው ሀሁ ነው።

የአሜሪካ ማዕቀብ ኢትዮጵያዊ ነጋዴን በምን ሕግ ያስገድደዋል?

የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 25 አባል አገሮችን ሁሉ ያስገድዳል። እኛም ውስጥ ገንዘብ ማጠብንና ሽብርን በገንዘብ መርዳትን የሚከላከል አዋጅ (እስከ 2017 ቁጥር 780/2005 የነበረው) እና የአሸባሪ ንብረት ስለሚታገድበት ሥርዓት የወጣው ደንብ ቁጥር 306/2006 አሉ። የአሜሪካ ግን የእኛ ሕግ አይደለም፤ በቀጥታ አያስገድድም። የሚይዘን በዶላሩ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ኢስታንቡል የተላከ ዶላር በአብዛኛው ኒው ዮርክ ባለ ኮረስፖንደንት ባንክ (የእኛን ባንክ ወክሎ ዶላር በሚያስተላልፍ ባንክ) ያልፋል፤ እዚያ ሲደርስ የአሜሪካ ሕግ ክልል ውስጥ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ጥፋቱን አምኖ ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር የከፈለው ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ደንበኞች ዶላር ስላንቀሳቀሰ ነው። ባንክ ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ብሎ አደጋ አይወስድም።

ስለዚህ «አይመለከተንም» ማለት በሕግ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ግን አይደርስም። በዩሮ እንክፈል የሚል መፍትሔ የሚያቀርብም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት የራሱ ዝርዝር አለው።

ስሜ ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ተመሳስሎ ገንዘቤ ቆመ። ምን ላድርግ?

ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ነጋዴዎች በብዛት የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው ስንት ነው? በላቲን ፊደል ሲጻፍም ብዙ መልክ አለው። የእኛ ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የውጭው ሶፍትዌር የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያነባል፣ ፓስፖርት ላይ ያለውና ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው አጻጻፍ ይለያያል፣ ማሽኑ ይጮኻል።

አትቆጡ፣ አትሟገቱ፤ ልዩነቱን የሚያሳይ ሰነድ አቅርቡ። የፓስፖርት ቅጂ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የንግድ ምዝገባ፣ የሥራው ዓይነት፤ ከዝርዝሩ ላይ ካለው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ በአንድ ገጽ። በተለይ የትውልድ ቀን ላይ ተጠንቀቁ። ጳጉሜ 3 ቀን 1975 የተወለደ ሰው በፈረንጅ መስከረም 8 ቀን 1983 ነው፤ ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ 1982 ብሎ የሞላው ጸሐፊ ግን ደንበኛውን ሌላ ሰው ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ራሱን የተዘረዘረውን ሰው! ባንኩ የሚያርቀው አንድ ሰነድ ከሌላው ሲጋጭ ነው። ቀኑን አንዴ በትክክል ቀይሩና በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉት።

ሻጩ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ባለቤቱ ግን አለ። ውሉ ይፈረም?

የአሜሪካው የማዕቀብ መሥሪያ ቤት ኦፋክ 50 በመቶ የሚባል ደንብ አለው። የተዘረዘሩ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ 50 በመቶ ወይም በላይ ከሆነ፣ ድርጅቱ በስም ባይዘረዘርም እንደተዘረዘረ ይቆጠራል። አንዱ 30፣ ሌላው 20 ቢኖረው ደረሰ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከባለቤትነት በተጨማሪ ቁጥጥርን ያያል፤ 40 በመቶ ይዞ ቦርዱን የሚሾም ሰው እዚያ ያሠጋል።

ለጀማሪ የሚከብደው ባለቤትነቱን ማረጋገጡ ነው። ዱባይ የተመዘገበ ድርጅት ባለአክሲዮኑ ሌላ ድርጅት፣ የዚያም ሌላ ይሆናል። ሻጩ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ ውሉ ላይም ባለቤትነቱ ቢለወጥ እንዲያሳውቅና ቅድመ ክፍያው እንዲመለስ የሚል አንቀጽ አስገቡ። መግለጽ ካልፈለገ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው ጠበቃ ሁነኝ ቢለኝ እቀበላለሁ?

ማንም ሰው ጠበቃ ይገባዋል፤ ስም የማስነሣት ሥራም ሕጋዊ ሥራ ነው። መንገዱ እንደ ዝርዝሩ ይለያያል። ለኦፋክ ማመልከቻ በጽሑፍ ይቀርባል። በተባበሩት መንግሥታት በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተፈጠረ የአቤቱታ ተቀባይ ቢሮ አለ፤ ለአልቃይዳና ለአይኤስ ዝርዝር ግን ራሱን የቻለ እንባ ጠባቂ ተሹሟል። የአውሮፓው ሉክሰምበርግ ያለ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ካዲ በተባለ ሰው ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ የተዘረዘረ ሰው ምክንያቱን የማወቅና የመሰማት መብት አለው ያለ ስለሆነ በቃል ልትይዙት ይገባል።

ምክር መስጠትና ማዕቀቡን እንዲያልፍ መርዳት ግን የተለያዩ ናቸው። ማመልከቻ መጻፍ፣ መከራከር፣ ሕጉ ምን እንደሚል ማስረዳት ጥብቅና ነው። ሀብቱን በዘመድ ስም ለማዞር ውል ማርቀቅ፣ አዲስ ድርጅት አቋቁሞ ክፍያውን በዚያ ማሳለፍ ተባባሪነት ነው፤ ቀጣዩ የሚዘረዘረው ጠበቃው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ራስ ምታት የራሳችሁ ክፍያ ነው፤ ንብረቱ ከታገደ ሰው የመጣ ገንዘብ እናንተው ባንክ ላይ ይቆማል። አንዳንድ አገሮች ለሕግ አገልግሎት ክፍያ የተለየ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ የትኛው እንደሚመለከታችሁ በጽሑፍ ሳታረጋግጡ፣ ክፍያው ከማን ሒሳብ፣ በምን ገንዘብና በየትኛው ባንክ እንደሚመጣ ውላችሁ ላይ ሳይሰፍር ፋይል አትክፈቱ።